ካርቦን ፋይበር የፍንዳታ ሞገድ ሲመታው ምን ይሆናል?

ቡሄ ሲቃረብ ጎጃም ገጠር ውስጥ ጅራፍ የማይሰማበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። እረኛው ጅራፉን ከራሱ በላይ ያዞረውና በድንገት ይቀለብሰዋል። ጧ! ድምፁ ከማዶው ተራራ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው ጅራፉ ከራሱ ጋር ተጋጭቶ የጮኸ ይመስለዋል። አይደለም። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይወነጨፋል። አየሩ ገለል የሚልበት ጊዜ ያጣና ይታመቃል። ያ የታመቀ አየር ሾክ ዌቭ፣ ማለትም ድንገተኛ የግፊት ሞገድ፣ ሆኖ ይሰራጫል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» እንላለን፤ በፊዚክስ ዓይን ግን የሚጮኸው አየሩ ነው።

የጅራፉ ሞገድ ትንሽ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። የፍንዳታው፣ የመብረቁ፣ በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ የሚገባው ወፍ የሚፈጥረው ግን ሌላ ነው። አካሏ ከካርቦን ፋይበር የተሠራው ታይታን የተባለችው ሰርጓጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ከጠፋች ወዲህ ደግሞ ስለ ካርቦን ፋይበር ሁለት ተቃራኒ ወሬ እየሰማን ነው። አንዱ «ከብረት ይጠነክራል፣ ምንም አይበግረውም» ይላል። ሌላው «ሲመቱት እንደ ብርጭቆ ይረግፋል» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሹን ከግማሹ ለመለየት ቁሱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሾክ ዌቭ ከተራ ድምፅ በምን ይለያል?

ድምፅም የግፊት ሞገድ ነው። ስናወራ አየሩ በጥቂቱ ይታመቃል፣ ይላላል፣ እንደገና ይታመቃል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ከፍታው አይደለም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው ጮቄ ተራራ አናት ላይ ድምፅ ትንሽ የሚዘገየው ቦታው ስለሚበርድ ነው።

ሾክ ዌቭ ከድምፅ ይፈጥናል። ግፊቱም ቀስ እያለ አይጨምርም፤ ባንድ ጊዜ ይዘላል። ከሞገዱ ፊት ያለው አየር ገና ምንም አልሰማም። ከፀጉር እጅግ የቀጠነውን ድንበር እንደተሻገሩ ግን ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል። ከኋላው ደግሞ ወዲያው ይወርዳል። አንዳንዴ ከመደበኛው በታች ወርዶ ነገሮችን ወደ መጣበት ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የተቀረጹትን ቪዲዮዎች ያየ ሰው ነጩን ጉልላት ያስታውሳል። ጭስ አልነበረም። ከሞገዱ ኋላ ግፊቱ ሲወርድ አየሩ ቀዘቀዘ፣ በውስጡ የነበረው እርጥበትም ደመና ሆኖ ታየ።

ለመስኮት መስታወት መደበኛው የአየር ግፊት ላይ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ጭማሪ በድንገት ከመጣበት ለመሰበር ይበቃዋል። ሞገዱ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነገሩ ይብሳል። እየገሰገሰ የነበረው አየር ድንገት ይቆማል። ጭማሪው ግፊት ቢያንስ እጥፍ ይሆናል፤ ሞገዱ በጣም ኃይለኛ ከሆነ ስምንት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቁስ የሚቀምሰው ግፊት በአየር ላይ ከሚጓዘው በእጅጉ የበለጠ ነው።

መብረቅም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የሚያልፍበትን ቀጭን የአየር መስመር እስከ 30,000 ዲግሪ ያደርሰዋል። አየሩ በቅጽበት ያብጣል፣ ሾክ ዌቭ ይወጣል። እየራቀ ሲሄድ ይደክምና ተራ ድምፅ ይሆናል። ክረምት ላይ ከቤታችን ሆነን የምንሰማው ነጎድጓድ የደከመው ነው። ካባ ላይ ድንጋይ በድማሚት ሲፈነዳ ራቅ ብለው የሚሰሙትም እንዲሁ።

ካርቦን ፋይበር የሚባለው ነገርስ ምንድን ነው?

ክር ነው። ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር አንድ አሥረኛ ያህል ማለት ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከፖሊአክሪሎናይትራይል ነው፤ ሹራብ ከሚሠራበት የአክሪሊክ ክር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ክሩ መጀመሪያ አየር ባለበት ምድጃ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ይበስላል። ቀጥሎ ኦክሲጅን በሌለበት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሌላው ሁሉ ተንኖ ካርቦኑ ይቀራል። ከዚያ እንደማንኛውም ክር በድርና ማግ ይሸመናል፣ ወይም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፎ ስስ ንጣፍ ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ ጨርቃ ጨርቅ የተማረ ሰው ይህን ክፍል ከእኔ በተሻለ ያስረዳችኋል።

ክሩ ብቻውን ግን ገመድ ነው፤ ሲስቡት ይጠነክራል፣ ሲገፉት ይታጠፋል። ቅርጽ የሚሰጠው ኤፖክሲ የሚባል ሙጫ ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ኮምፖዚት ይባላሉ። ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። ለምርጊት ጭቃ ሲቦካ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከጫፍ ጫፍ ይሮጣል። ጭድ ካለበት ግን ስንጥቁ መንገድ ላይ ከጭዱ ጋር ይገናኛል። ጭዱ ሁለቱን ወገን ይዞ ስንጥቁን ያቆመዋል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። በጭቃው ውስጥ ጭዱ ረዳት ነው። ጥሩ የካርቦን ኮምፖዚት ውስጥ ግን ከይዘቱ 60 በመቶ ያህሉ ክር ነው፤ ዋናውን ሸክም የሚሸከመውም እሱ ነው።

አንዱ ንጣፍ ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ ያነሰ ውፍረት አለው። ስለዚህ ብዙ ንጣፍ ይደራረባል። የአንዱ ክር ወደ ፊት፣ የሌላው ወደ ጎን፣ የሌላው ሰያፍ ይሆናል። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ክሮቹ የሚሄዱት በንጣፉ ውስጥ ነው። ከላይኛው ንጣፍ ወደ ታችኛው የሚያልፍ ክር የለም። በንጣፍና በንጣፍ መካከል ያለው ሙጫ ብቻ ነው። በክሩ አቅጣጫ ያለው ጥንካሬና ንጣፎቹን ከላይ ወደ ታች አላቅቆ ለመለየት የሚያስፈልገው ኃይል ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከ20 እጥፍ ይበልጣል። የካርቦን ፋይበር ታሪክ በሙሉ፣ ደጉም ክፉውም፣ ከዚህ ይመነጫል።

ሞገዱ ሲመታው በውስጡ ምን ይፈጠራል?

ከእነዚህ ንጣፎች የተሠራ ጠፍጣፋ ሳህን አለ፤ አንድ ጠንካራ ነገር በከፍተኛ ፍጥነት መታው እንበል፣ ወይም ፍንዳታው እዚያው አጠገቡ ሆነ። ፊቱ ላይ የመጨመቅ ሞገድ ይነሳና በውፍረቱ በኩል ወደ ጀርባው ይጓዛል። ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክሮቹ አቅጣጫ ወደ ጎን የሚሮጠው ደግሞ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህ የቁሱ አንዱ ጸጋ ነው፤ ምቱ አንድ ቦታ ላይ ሳይታፈን ወደ ሰፊ ቦታ በፍጥነት ይሰራጫል።

ወደ ጀርባው የሄደው ሞገድ ሲሄድ ብዙ ጉዳት አያደርስም። መጨመቅን ሙጫውም ይችለዋል። ችግሩ ጀርባው ጋ ሲደርስ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ አየር ብቻ ነው፤ አየር ደግሞ ግፊቱን ተቀብሎ መልሶ የሚገፋበት አቅም የለውም። የጀርባው ፊት ወደ ውጭ ይወረወራል። ሞገዱ ይገለበጥና ወደ መጣበት ይመለሳል፤ አሁን ግን እየጨመቀ ሳይሆን እየሳበ ነው። ንጣፎቹን ከላይ ወደ ታች ይጎትታቸዋል፤ የያዛቸው ሙጫ ብቻ ነው። መሳቡ ከሙጫው ጥንካሬ ሲበልጥ ንጣፎቹ ይላቀቃሉ። የተመታው ፊቱ ነው፣ የተላቀቀው ጀርባው። ከፊት ሆኖ ለሚያይ ሰው ምንም የሆነ አይመስልም።

ራቅ ብሎ የተነሳ የአየር ፍንዳታ ሲሆን ግን ታሪኩ ይለያል። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ሳህን ሞገዱ ለማቋረጥ ሁለት ሚሊዮነኛ ሰከንድ ይበቃዋል። የፍንዳታው ግፊት ግን ለሺህኛ ሰከንዶች ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሞገዱ ውስጥ ለውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል፤ ሳህኑ እንዳለ መጉበጥ ይጀምራል። ሲጎብጥ ንጣፎቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ይፈልጋሉ። የሚከለክላቸው አሁንም ያው ሙጫ ነው። ጠርዙ ላይ በብሎን ከታሰረ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው እዚያ ነው። በላቦራቶሪ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሞክሩት ሾክ ቲዩብ በሚባል ረጅም ቱቦ ነው። በአንዱ ጫፍ የታፈነ ጋዝ ስስ ሽፋን ይበጥሳል፣ ሞገዱ ቱቦውን ሰንጥቆ ሳህኑ ላይ ያርፋል፣ ፈጣን ካሜራዎች ጀርባውን ይቀርጻሉ።

ታዲያ ከተላቀቀ እንዴት ተቋቋመ ይባላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መቋቋም ሲባል አለመጎዳት ይመስለናል። ለመሐንዲሱ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ የመጣው ጉልበት የት ይሂድ? ብረት ጉልበቱን በመጣመም ይበላዋል። ብዙ የብረት ዓይነት ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይለጠጣል። ካርቦን ፋይበር ይህ የለውም። 2 በመቶ ሳይሞላ ይበጠሳል። ስለዚህ ጉልበቱን በሌላ መንገድ መጨረስ አለበት፣ በመሰነጣጠቅ። መጀመሪያ ሙጫው በጥቃቅን ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ንጣፎች ይላቀቃሉ። ከዚያ ክሮች ከሙጫው እየተፈለቀቁ ይወጣሉ፣ በመጨረሻም ይበጠሳሉ። እያንዳንዱ አዲስ ስንጥቅ የራሱን ጉልበት ይወስዳል። አንድ ትልቅ ስብራት በሺህ በሚቆጠሩ ትናንሾች ይተካል። በደንብ የተነደፈ ክፍል ውስጥ ከኋላው ላለው ሰው የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው።

ማስረጃው የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ነው። ማክላረን የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1981 አካሉ በካርቦን ፋይበር የተሠራ መኪና ይዞ ሲመጣ «ሲጋጭ ዱቄት ይሆናል» ያሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት የቡድኑ ሹፌር ጆን ዋትሰን ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ ከባድ አደጋ ደረሰበት። መኪናው ተበጣጠሰ፤ ሹፌሩ ደህና ወጣ። ዛሬ የእነዚህ መኪኖች አፍንጫ ሆን ተብሎ ከጫፉ ጀምሮ እየደቀቀ እንዲሄድ ይሠራል። በኪሎ ሲሰላ እንዲህ የሚደቅ የካርቦን ቱቦ ከብረት የበለጠ ጉልበት ይውጣል።

ይህ ማለት ግን ጥይት አይበሳውም ማለት አይደለም። ያ ተራ ወሬ ነው። ለጥይት መከላከያ የሚመረጡት ከመበጠሳቸው በፊት የበለጠ የሚለጠጡት እንደ ኬቭላር ያሉ ክሮች ናቸው።

ቀላል መሆኑ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?

ካርቦን ኮምፖዚት አንድ ሊትር የሚሞላው 1.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብረት 7.8 ኪሎ። ለአውሮፕላን በረከት ነው። ለአየር ፍንዳታ ግን መዘዝ አለው። ሞገዱ አንድ ዓይነት ግፊት ለአንድ ዓይነት ጊዜ ሁለት ሳህኖችን ቢገፋ፣ ቀላሉ በበለጠ ፍጥነት ይወረወራል፤ መጨረስ ያለበት ጉልበትም ይበልጣል። ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም።

ውኃ ውስጥ ሒሳቡ ይገለበጣል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጂ. አይ. ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳሳየው፣ ቀላል ሳህን ከውኃው ሞገድ ቶሎ ስለሚሸሽ የሚደርስበት ግፍትሪያ ይቀንሳል። ስዊድን ቪስቢ የተባሉትን የጦር መርከቦች ከካርቦን ፋይበር ስትሠራ አካላቸውን ሳንድዊች አድርጋዋለች፤ ሁለት የካርቦን ፊቶች፣ በመካከላቸው የፕላስቲክ አረፋ። እንዲህ ያለ አረፋ ሲጨመቅ እየተሰባበረ ጉልበት ይበላል፣ ከኋላ ላለው ፊት የሚደርሰውንም ያለዝባል።

ወፍ አንድ ትልቅ ኩባንያ ጣለ የሚባለውስ?

ወፏ ብቻዋን አልጣለችውም፣ ግን እጇ አለበት። ሮልስ ሮይስ በ1960ዎቹ መጨረሻ አርቢ211 ለተባለው የአውሮፕላን ሞተር ከፊት የሚሽከረከሩትን ቢላዎች ከካርቦን ፋይበር ሊሠራ ተነሳ። ክብደቱ ይቀንስ ነበር። ሌላው ፈተና ሁሉ ደህና ሄደ። ወፍ ወደ ሞተሩ የሚወረወርበት ፈተና ላይ ግን ቢላዎቹ ተሰባበሩ።

ለስላሳ ወፍ እንዴት እንዲህ ታደርጋለች? በዚያ ፍጥነት ሥጋ እንደ ፈሳሽ ነው የሚሆነው። በተገናኙበት የመጀመሪያዋ ቅጽበት ሾክ ዌቭ ይነሳል፣ ግፊቱም ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ ረገብ ብሎ እየፈሰሰ ይገፋል። ቢላዋውን የሚሰነጥቀው የመጀመሪያው ቅጽበት ነው። ሮልስ ሮይስ ቲታኒየም ወደተባለው ብረት ተመለሰ። ወጪውና መዘግየቱ ተደማምሮ ኩባንያው እ.ኤ.አ. የካቲት 1971 ከሰረ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ወረሰው።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ የጀመረው ጂኢ90 ሞተር የካርቦን ቢላዎች አሉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 777 የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚበሩት በዚሁ ሞተር ነው። ልዩነቱ? የቢላዋው ስለት በቲታኒየም ተሸፍኗል። የመጀመሪያውን ምት ብረቱ ይቀበላል፣ የቀረውን ክሩ ይሸከማል። በኋላ የመጣው ሊፕ የተባለ ሞተር ደግሞ ሽመናውን ራሱን ለወጠው። ክሮቹ ወደ ፊትና ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን በውፍረቱ በኩልም ያልፋሉ። ያ ንጣፍና ንጣፍ መካከል ሙጫ ብቻ የነበረበት ቦታ ክር አገኘ ማለት ነው።

የምንሳፈርባቸው አውሮፕላኖችስ? መብረቅ ቢመታቸው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሹ ኮምፖዚት ነው። በዋናው አካሉ ንጣፎች መካከል ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች አሉ። ስንጥቁ በሙጫው ውስጥ ሲሮጥ እነሱ ያደናቅፉታል። ለመብረቅ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ስስ የመዳብ መረብ ተዘርግቷል። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም በጣም ባነሰ አቅም ነው። መረቡ ባይኖር የኤሌክትሪክ ጅረቱ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ሙጫውን ያቃጥላል፣ የመብረቁ ሾክ ዌቭም እዚያው ላይ ይመታል። መረቡ ጅረቱን በትኖ ያሳልፈዋል። የንግድ አውሮፕላን በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መብረቅ ይነካዋል። ተሳፋሪው ብዙ ጊዜ ብልጭታ አይቶ ያልፋል።

ታይታን ለምን ፈረሰች ታዲያ?

የታይታን ፈተና ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ምት ሳይሆን የማያቋርጥ መጨመቅ ነው። የታይታኒክ ፍርስራሽ ያለበት 3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 400 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ይሸከማል። ክር ሲስቡት እንጂ ሲጨምቁት ጎበዝ አይደለም። ሲጨመቅ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሙጫው ነው። የአሜሪካ መርማሪዎች ከቅሪቱ ላይ ክፍተቶችና የተላቀቁ ንጣፎች አግኝተዋል። ሰርጓጇ ደግሞ በተደጋጋሚ ወርዳ ወጥታለች። ሾክ ዌቩ የመጣው በመጨረሻ፣ አካሉ ሲከዳና ውኃው ሲገባ ነው። አምስት ሰዎች ሞቱ። እኔ ከዚህ የምወስደው ቁሱ መጥፎ ነው የሚለውን አይደለም። ጀርባው ላይ የተላቀቀ ንጣፍ ከፊት አይታይም፤ ካልታየ ደግሞ በመሣሪያ መፈለግ ግዴታ ነው።

የእኔ ሳይክል ካርቦን ነው፤ ቢወድቅስ?

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል ብርቅ አይደለም፤ ያገለገሉ የካርቦን ፍሬሞችም በየከተማው ብቅ ይላሉ። የብረት ፍሬም ሲጋጭ ይጎብጣል፣ ታዩታላችሁ። የካርቦኑ ቀለሙ እንኳ ሳይላላጥ ከውስጥ ሊላቀቅ ይችላል፤ ያኔ መጨመቅን የመቋቋም አቅሙ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ሳንቲም ይዛችሁ ፍሬሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ ኳ ኳ አድርጉት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ድንገት የታፈነ፣ የደነዘዘ ከሆነ ከሥሩ የተላቀቀ ንጣፍ ሊኖር ይችላል። የአውሮፕላን ቴክኒሻኖችም ይህን ዘዴ ይጠቀሙበታል፣ ከአልትራሳውንድ ጋር። ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውፍረቱ ስለሚለያይ ድምፁ በራሱ ይለወጣል፤ እዚያ ላይ በጆሮ ብቻ አትፍረዱ። ስንጥቅ በእጅ ከተዳሰሰ፣ ወይም ስትጫኑት ሲጢጥ ካለ፣ በዚያ ሳይክል ቁልቁለት አትውረዱ።